ሰሌዳው «ባዶ» ይላል

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰውን ምሳ ሰዓት ሲበሉ የኖሩት ፕሮፌሰር የሞቱት በምሳ ሰዓት ነው። የቫይረስ ምርምር ተቋሙ ሠራተኛ ወሬውን ሲሰማ መጀመሪያ «አይ!» አለ፤ ከዚያ ዘወር ብሎ የጀመረውን ምሳ ጨረሰ። ክፉ ሆኖ አይደለም። ሰውዬው ለማንም ሰው እንባ የሚሆን ነገር አላስቀመጡም ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ በናይትሮጅኑ ክፍል ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ሁለቱም እጆች እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም ሰማያዊ ጓንት አጥልቀዋል። አጠገቡ ክዳኑ የተገጠመ ትንሽ ቴርሞስ ቆሟል። ፊቱ ላይ ፍርሃት የለም፤ እንዲያውም ከንፈሩ በአንድ በኩል ትንሽ ተሰብስቧል። የሚያውቋቸው እንደሚሉት ፕሮፌሰሩ ሰው ሊያዋርዱ ሲሉ ከንፈራቸው እንዲያ ነበር የሚሆነው።

መርማሪዋ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ሳትወጋ አትወጣም ለማለት ነው። ጎንበስ ብላ አስከሬኑን አየችና ሐኪሙን ጠየቀችው።

«ምን ገደላቸው?»

«አየር ማጣት። እነዚህ ታንኮች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ሴሎችን በበረዶ የሚያቆዩበት። ክፍሉ ውስጥ ከፈሰሰ ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣዋል። ሁለቴ ይተነፍሳሉ፣ ሦስተኛው የለም። አያስልም፣ አያፍንም፣ አያስጮህም።»

«ታዲያ የሚጮህ ደወል አይኖረውም?»

ደወሉ ነበረ። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ ሽቦው ተነቅሎ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» አሉ በሩ አጠገብ የቆሙት ሽማግሌ። የክፍሉ ጠባቂና ቴክኒሻን ናቸው፤ አስከሬኑን ያገኙትም እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ከናይትሮጅን ጋር ስለኖሩ ሁሉም «ጋሽ በረዶ» ይላቸዋል፤ እጃቸው በብርድ ቃጠሎ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል። ለጡረታ ሁለት ወር ቀርቷቸዋል። «በሐሰት እየጮኸ አስቸገረ ብለው ራሳቸው አዘዙኝ። በጽሑፍ ይስጡኝ ብዬ ነበር።»

«ሰጡዎት?»

«ፕሮፌሰሩ በጽሑፍ የሚሰጡት ስድብ ብቻ ነው።»

በዚህ መሀል የፎቶግራፍ ፖሊሱ የላስቲክ ጓንት እንዳጠለቀ የበሩን እጀታ ያዘ። ሽማግሌው ሐዘናቸውንም ፍርሃታቸውንም ረስተው ጮኹበት።

«ጓንትህን አውልቅ ልጄ! እዚህ ቤት በር በጓንት አይነካም! ጓንትህ ላይ ያለውን ጀርም ለሁላችንም ልታድለን ነው?»

መርማሪዋ ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗ በሩ ላይ በገመድ የተንጠለጠለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ አረፈ። በአንድ ፊቷ በቀይ «ሰው አለ»፣ በሌላው በአረንጓዴ «ባዶ» የሚል ተጽፎባታል። አሁን «ባዶ» ትላለች።

«ይህች ምንድን ናት?»

«የክፍሉ ሕግ ናት» አሉ ጋሽ በረዶ። «እዚህ ማንም ብቻውን አይገባም። አንዱ ሲገባ ሌላው በሩ ላይ ይቆማል። የቆመው ሰሌዳውን ያገላብጣል፣ የገባው ሲወጣ መልሶ ያገላብጣል።»

«እርስዎ ሲያገኟቸው በሩ ላይ ማን ነበር?»

«ማንም።»

«ሰሌዳውስ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከሰሌዳው አነሱ። «አላስተዋልኩም» አሉ። የሠላሳ ዓመት ጠባቂ ያንን አለማስተዋሉን መርማሪዋ በልቧ ያዘችው።

የዚያ ኮሪደር ቁልፍ ያላቸው፣ ከሟች ሌላ፣ አራት ሰዎች ናቸው፤ ጋሽ በረዶ፣ በተቋሙ ለዶክትሬት የምትማረው የሳቸው አንዲት ልጅ፣ የፕሮፌሰሩ ምክትልና ጸሐፊያቸው። መርማሪዋ በሟች ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ጠራቻቸው። የሟች ወንበር ላይ መቀመጥ ልማዷ ነው፤ ሰው ከሟች ጋር የሚነጋገር ይመስለውና ይሳሳታል።

ጸሐፊዋ ገና ሳትጠየቅ ጀመረች።

«እኔ ሰው ማማት አልወድም» አለችና ግማሽ ሰዓት አማች። ከሐሜቱ ውስጥ ፍሬ ያለው ይህ ነበር፤ ፕሮፌሰሩ ጠዋት ለዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ ጠርተዋል፣ የስብሰባው ርዕስ «የዶክተሪት ሥራ፤ እውነቱ ይውጣ» የሚል ነው። «ዶክተሪት» ያሏት የጋሽ በረዶን ልጅ ነው፤ ሳትመረቅ የሰጧት የፌዝ ስም። «ሊያባርሯት ነበር እኮ! አራት ዓመት ሠርታ! በቀደም በሰው ፊት 'ውሸታም' ብለዋታል።»

«ምሳ ሰዓት ኮሪደሩን አልፈሽ ነበር?»

«ለሰባት ሩብ ጉዳይ ላይ። ጭር ብሏል። ሰሌዳው 'ባዶ' ነበር። ባይሆን ኖሮ 'ማነው?' ሳልል አላልፍም።»

እሷ ስትወጣ መርማሪዋ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አነሳች። ሟች በእርሳስ ሁለት መሰላል ስለዋል። የግራው ከላይ ወደ ታች ከአንድ እስከ አምስት ተቆጥሯል፤ የቀኙ ከታች ወደ ላይ። ከግራው አንድ ወደ ቀኙ አምስት ቀስት ተሰዷል። ከሥሩ በትልቁ «አህያ!» ይላል።

ቀጥሎ ምክትሉ ገባ። በሩ ላይ የላስቲክ ጓንቱን ገፎ ቅርጫት ውስጥ ጣለና በባዶ እጁ እጀታውን ይዞ ዘጋው። አንደበቱ ማር ነው፤ ማር ደግሞ እጅ ላይ ይቀራል።

«ይህች ልጅ አገኘሁ የምትለው ምንድን ነው?» አለችው። «ለደደብ እንደምታስረዳ አስረዳኝ።»

«ቫይረሱ ሴል ውስጥ የሚገባው የራሱን ዲኤንኤ ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ሊሰፋ ነው። አንዴ ከሰፋ አይነቀልም፤ ሴሉ ሲባዛ አብሮ ይባዛል። መቁረጫና መስፊያውን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ መንገዱን ግን አያውቀውም። የሴሉ የራሱ የሆነ አንድ ፕሮቲን አለ፤ እሱ ነው እጁን ይዞ የሚያደርሰው።»

«የቤት ሰው ነዋ በሩን የሚከፍትለት!»

«ልክ ነው። እሷ ያንን ፕሮቲን ከሴሎቹ አጠፋሁ፣ ስፌቱ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ አለች። ትልቅ ነገር ነው፤ መድኃኒት የሚሆን። ችግሩ ከራሷ ብልቃጦች አውጥቼ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ምንም አልወረደም። ቫይረሱ ውስጥ አረንጓዴ የሚያበራ ነገር አስገብተናል፤ የተሰፋበት ሴል ያበራል። ፕሮቲን አለውም፣ የለውም የተባለው፣ እኩል አበሩ።»

«ደስ አለህ?»

«ሳይንስ ደስታና ሐዘን…»

«ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

በጥያቄ ሁለቴ ከተወጋ በኋላ ሌላ ተቋም ሊቀጠር ለቃለ መጠይቅ ሄዶ እንደነበር አመነ። በስልክ ሲጣራ እውነት ሆኖ ተገኘ።

«በናይትሮጅኑ በር ላይ ቆመህ ታውቃለህ?»

«አንዳንዴ። እኔ ግን በር ጠባቂ አይደለሁም።»

መርማሪዋ የክፍሉን መዝገብ ገለጠች። ምክትሉ በቆመበት ቀን ሁሉ የጋሽ በረዶ ቀይ ጽሑፍ አለ፤ «ሰሌዳው አልተመለሰም።» ጸሐፊዋም ሁለት ጊዜ ቆማ ሁለቴም ረስታለች።

በመጨረሻ ልጅቷ መጣች። በጓንት እጇ በሩን ከፍታ ገባች፤ በዚያው እጇ የቀረበላትን ብርጭቆ ውሃ አነሳችና ጠጣች። ከዓይኗ በታች ጠቁሯል፤ አነጋገሯ ግን እንደ መቀስ ነው።

«ምሳ ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ሴሎቼን እየመገብኩ።»

«አንቺስ አልበላሽም?»

«ሴል ምሳ ሰዓት አያውቅም።»

«እዚህ ቤት የገባሽው መቼ ነው?»

«በስምንት ዓመቴ። እናቴ ስትሞት አባዬ የሚተወኝ ቦታ አልነበረውም። በር ላይ እየቆምኩ ሰሌዳ አገላብጥለት ነበር።»

«ፕሮፌሰሩ ሊያባርሩሽ ነበር?»

«እንዲያ ነው የሚባለው።»

«ታዲያ ሞታቸው ጠቀመሽ።»

ልጅቷ መልስ ሳትሰጥ በሩ ተበረገደ። ጋሽ በረዶ ውጭ ሆነው ሲያዳምጡ ቆይተዋል።

«ልጄን ይተዉአት!» አሉ። «እኔ ነኝ የገደልኩት። አብሬያቸው ሄድኩ፣ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ውስጥ ሲገቡ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ቫልቭ ከፈትኩት። ናይትሮጅኑ በቧንቧው ፈሰሰ። በቃ።»

መርማሪዋ ሽማግሌውን አላየችም፤ ልጅቷን ነበር የምታየው። ልጅቷ አባቷን አየች፣ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

«ሊያወጡ የገቡት ምን ነበር አባባ?»

«ሴል ነዋ።»

«የማንን?»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

ሆኖም ይዛቸው ሄደች። ውሸት መሆኑን እያወቀች ወሰደቻቸው፤ ሰው ለማን ብሎ እንደሚዋሽ ለማወቅ እሱን አስሮ ሌላውን ማየት ነው ባይ ናት። ርኅራኄ ለቄስ እንጂ ለፖሊስ አይደለም ትላለች። ዘጠኝ ቀን ጣቢያ ተቀመጡ። ልጃቸው አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም። «ሥራ በዝቶባት ነው» ይሉ ነበር ጋሽ በረዶ፣ ሳይጠየቁ፣ በየቀኑ።

በእነዚያ ቀናት ምክትሉ አንድ ሥራ ተሰጥቶት ነበር። ከሟች ቴርሞስ ውስጥ ሳይቀልጥ የተገኘውን ብልቃጥ ሴል አሳድጎ፣ ቫይረሱን ጨምሮ፣ ውጤቱን እንዲያሳይ። የልጅቷ ዋና ጠላት ስለሆነ መርማሪዋ ሆን ብላ መረጠችው፤ እሱ ለሷ ብሎ አይዋሽም። ሥራው ሲሠራ አንድ ፖሊስ ከጎኑ አልተለየም።

በአሥረኛው ቀን ሁሉም በማይክሮስኮፑ ክፍል ተሰበሰቡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል። ጋሽ በረዶ እጃቸው በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ቆሙ። ልጅቷ አባቷን «ደህና ነህ?» እንኳ አላለችም፤ ወደ ወለሉ ታያለች። ጸሐፊዋ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛለች፣ ወሬው እንዳያመልጣት ጆሮዋን ግን ክፍት አድርጋለች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች መርማሪዋ። «ከበሩ እንጀምር። ፕሮፌሰሩ ክፉ ነበሩ እንጂ ጅል አልነበሩም። ብቻቸውን አልገቡም። ያ ቫይረስ ያለ ቤት ሰው መንገዱን እንደማያገኘው፣ ሞትም ወደሳቸው የደረሰው በሩ ላይ በቆመ የቤት ሰው ነው።»

«ይሄንን እኔም ተናግሬያለሁ» አሉ ጋሽ በረዶ።

«ይቆዩ አባባ። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ሰሌዳው 'ባዶ' ይል ነበር። ሟች ከወለሉ ተነስቶ አያገላብጥ! ያገላበጠው ገዳዩ ነው። ለምን? ለመደበቅ አይደለም፤ 'ባዶ' ሲል እንዲያውም ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል። እጁ ስለለመደ ነው። ቫልቩን ዘጋ፣ ሥራው አለቀ፣ እጁ ሰሌዳውን አገላበጠ። ምክትሉ በሕይወቱ አገላብጦ አያውቅም፣ መዝገቡ ምስክር ነው። ጸሐፊዋም እንደዚያው። ይህ ልማድ ያላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ያስተማረውና የተማረችው።»

ጸሐፊዋ መሐረቡን ከአፍንጫዋ አነሳች።

«አባባ ሰሌዳውን አላየሁም አሉኝ። አይተዋል። አይተው ማን እንዳገላበጠው ገብቷቸዋል። ለዚህ ነው ወንጀሉን የወሰዱት። ግን በሩ ላይ ቆሜ ነበር ያለ ሰው፣ የገባው ምን ሊያወጣ እንደገባ ያውቃል፤ የቆመው ነው መዝገቡን የሚይዘው። እሳቸው አያውቁም።»

«ረስቼ ነው!» አሉ ሽማግሌው።

«አሁን ደግሞ ጓንቱ። እዚህ ቤት በር በጓንት አይነካም። ምክትሉ እንኳ፣ ሰሌዳ የሚረሳው ምክትል፣ ጓንቱን ገፎ ነው የገባው። የጋሽ በረዶ ልጅ ግን፣ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ እዚህ ቤት ያደገችው ልጅ፣ በጓንት በር ከፈተች፣ በጓንት ውሃ ጠጣች። ናይትሮጅን ያለፈበት ቫልቭ በባዶ እጅ ሲዘጋ ቆዳ ይዞ ያስቀራል። ወፍራሙን ጓንት ደግሞ ሟች አጥልቀውት ነበር። አውልቂው እስቲ።»

ልጅቷ አልተከራከረችም። የቀኝ እጇን ጓንት ቀስ ብላ ገፈፈችው። መዳፏ ላይ፣ ከጠቋሚ ጣቷ እስከ አውራ ጣቷ ሥር፣ የቫልቩ እጀታ ቅርጽ ያለው ቁስል ጠቁሮ ይታያል።

«ምንም አይደለም፣ እዚህ ቤት በብርድ ያልተቃጠለ እጅ የለም!» አሉ አባትየው። የታሰሩ እጆቻቸውን አንስተው ጠባሳቸውን አሳዩ። «ይኸው! ይኸው!»

«እርስዎ አይደብቁትማ» አለች መርማሪዋ።

«ተወው አባዬ» አለች ልጅቷ። የዚያ ቀን የመጀመሪያ ቃሏ ነው። «እኔ ነኝ። ጠዋት ጠሩኝ። 'ምሳ ሰዓት በሩ ላይ ቁሚልኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉድሽ ይወጣል' አሉኝ። እየሳቁ። አራት ዓመት ሠርቼ፣ ዕድሜዬን ሰጥቼ፣ እየሳቁ። ጎንበስ ሲሉ ከፈትኩት። ታንክ ሲሞላ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ዞር ብለው እንኳ አላዩም።»

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ሌላ መርማሪ ያቆም ይሆናል። ይህችን ግን መርፌ ያሏት በከንቱ አይደለም።

«ነይ እዪ» አለቻት፣ ወደ ማይክሮስኮፑ እየጠቆመች። «የመጀመሪያው ተራ ሴል ነው። ሁለተኛው ከቴርሞሱ የወጣው።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። በመጀመሪያው ሳህን ላይ ሴሎቹ እንደ ሠርግ ቤት አረንጓዴ በርተዋል። ምክትሉ ሳህኑን ቀየረላት። ጨለማ ነው። እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ ሌላው ሁሉ ጨለማ።

«ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል» አለች በሹክሹክታ። «ይሄ የኔ ውጤት ነው። ልክ ነበርኩ።»

«ልክ ነበርሽ» አለ ምክትሉ። ድምፁ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማር አልነበረም። «እኔ የደገምኩት በተሳሳተው ሴል ነው።»

«ፕሮፌሰሩ ይህን ደርሰውበታል» አለች መርማሪዋ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊናገሩ የነበረው ይህንኑ ነው። ወደዚያ ክፍል የገቡት ማስረጃሽን ሊያወጡልሽ ነበር። አንድ ቃል ቢነግሩሽ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበሩ፤ ግን ሰው ሳያስጨንቁ ደግ ነገር መሥራት አያውቁም ነበር።»

ልጅቷ የማይክሮስኮፑን ጠርዝ ያዘች።

«ታዲያ ሴሎቼን ማን ቀየራቸው?» አለች ወደ ምክትሉ ዞራ። «አንተ?»

«ማንም አልቀየራቸውም» አለች መርማሪዋና ባለ መሰላሉን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። «አምና አሮጌው ታንክ ተበላሽቶ ሳጥኖቹ ወደ አዲሱ ተዛውረዋል። አሮጌው ታንክ መደርደሪያው የሚቆጠረው ከላይ ወደ ታች ነው። አዲሱ ከታች ወደ ላይ። ያዛወረው ሰው ሳጥኖቹን እንደነበሩበት፣ የላዩን ከላይ የታቹን ከታች፣ አስቀመጣቸው፣ የመዝገቡን ቁጥርም እንዳለ ተወው። አንደኛ ላይ የነበረው ያንቺ ሴል በአዲሱ አቆጣጠር አምስተኛ ሆነ፤ አምስተኛ የነበረው ተራ ሴል አንደኛ። ከዚያ ወዲህ 'አንደኛ' ብሎ የሚያወጣ ሁሉ ተራውን ነው የሚያወጣው።»

ያዛወረው ሰው ማን እንደሆነ አልተናገረችም። አያስፈልግም ነበር። ጋሽ በረዶ ቀርበው ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱ። መነጽራቸው ጣቢያ ስለቀረ ዓይናቸውን አጥብበው፣ በታሰረ እጃቸው ከግራው አንድ ወደ ቀኙ አምስት ቀስቱን ተከተሉ። ከሥሩ የተጻፈውንም አነበቡ።

«ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ ነው ያዛወርኳቸው» አሉ። «የሷ እንዳይቀልጥ ብዬ። መጀመሪያ የሷን ነው ያወጣሁት።»

ልጅቷ አባቷን አየችው። ጥላቻ አልነበረም፣ ይቅርታም አልነበረም፤ ሰው ግድግዳ የሚያይበት ዓይን ነው። ከዚያ ሁለት ፖሊሶች ክንዷን ያዙ። በሩ ጋ ስትደርስ የግራ እጇን ጓንት ገፍፋ ቅርጫት ውስጥ ጣለችና በባዶ እጇ እጀታውን ከፈተች።

መርማሪዋ የሽማግሌውን ካቴና ፈታች። እጃቸው ግን እንደታሰረ ሆኖ ቀረ፤ አንዱን ከሌላው አልለዩትም።

«ነፃ ነዎት አባባ» አለቻቸው። «ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

ጋሽ በረዶ ከወረቀቱ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

«በመጀመሪያው ቀን ነግሬዎት ነበር እኮ» አሉ። «እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ ነበር። እርስዎ አላመኑኝም።»

መርፌ ወረቀቱን ከእጃቸው ልትወስድ ሞከረች፤ አልለቀቁላትም።